የፋብሪካ ጭስ እንዲቀንስ መንግሥት ምን ያስገድዳል? ምንስ ይሰጣል?

ፈረቃ ሦስት፦

ሰላም ቤተሰብ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ምርት ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው።

ሰሞኑን ከበላይ አንድ ሥራ ተጣለብኝ። ከድንጋይ ከሰሉ የተወሰነውን በቡና ገለፈት ብንተካ ምን እናተርፋለን የሚል ፕሮፖዛል አዘጋጅ ተባልኩ። ቴክኒኩን እንደምንም እወጣዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን ገና ወረቀቱን ሳያይ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። «ባንሠራው ማን ይጠይቀናል? ብንሠራውስ መንግሥት ምን ይሰጠናል?» መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፣ ሁሉም የየራሱን ያወራል። አንዱ «አውሮፓ የካርቦን ቀረጥ ጀምሯል፣ በቅርቡ እኛም ጋ ይደርሳል» ይላል። ሌላው «ሕጉ ድሮም አለ፣ አንባቢ ነው የጠፋው» ይላል። ፋይናንስ ክፍል ያለ ጓደኛዬ ደግሞ «በየክረምቱ ችግኝ እንተክል የለ፣ እሱ ተጽፎ አይቀርብም?» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ስስቅ ለካ ከምሩ ነው።

እስቲ የምታውቁ በቀጥታ ንገሩኝ። አገራችን ውስጥ ፋብሪካ የሚያወጣውን እንዲቀንስ የሚያስገድድ ነገር በተግባር አለ? ማበረታቻስ? ውጭ ያላችሁም እዚያ እንዴት እንደሚሠራ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ብቻ እባካችሁ «እዚህ እኮ» እያላችሁ አታናዱን።

ክሊንከር፦

ችግኝ መትከሉ ጥሩ ነው፣ ከጭስ ማውጫችሁ ጋር ግን አይተዋወቁም።

እኔ ሲሚንቶ ውስጥ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ጥራት ቁጥጥር ላይ። ፕሮፖዛልህ ከመነሻው እንዳይበላሽ አንድ ነገር ያዝ። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ገደማው ከነዳጅ አይደለም የሚመጣው፣ ከድንጋዩ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲሞቅ ኖራ ይሆናል፣ በውስጡ የነበረው ካርቦን ደግሞ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከሰሉን በሙሉ አውጥተህ ምድጃውን በመብራት ብታሞቀው እንኳ ያ 60 በመቶ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ገለፈቱ የሚነካው ቀሪውን ነው፣ እሱንም የተካኸውን ያህል ብቻ።

ዋናው ነገር ያለው ክሊንከሩን፣ ማለትም ከምድጃው ወጥቶ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን፣ መቀነስ ላይ ነው። ኦፒሲ፣ መደበኛው ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ 95 በመቶ ገደማው ክሊንከር ነው። ፒፒሲ በሚባለው ቅልቅል ሲሚንቶ ላይ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለምትጨምር ክሊንከሩ እንደ ፑሚሱ ጥራት ወደ 70 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን ደግሞ ፑሚስ አይቸግረንም። ሕንዶች ከዚህም አልፈው የተቃጠለ ሸክላ አፈርና ጥሬ የኖራ ድንጋይ ቀላቅለው ክሊንከሩን 50 በመቶ አድርሰውታል። ኤልሲ3 ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አገራዊ ደረጃ አወጡለት። ሸክላው 800 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል፣ ክሊንከር ግን 1450 ይፈልጋል። ልዩነቱ ምን ማለት እንደሆነ የነዳጅ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ኦፒሲ፣ ኦፒሲ ይላል? እዚህ ጋ ነው መንግሥት የሚገባው፣ ያውም እንደ ሕግ አውጪ ሳይሆን እንደ ገዢ። እኔ ባየኋቸው የጨረታ ሰነዶች ላይ ለልስን ሁሉ ኦፒሲ ተብሎ ይጻፋል። ለልስን! ኮንትራክተሩም አይቃወምም፣ ኮንክሪት የሚፈስበትን ጣውላ ቶሎ መፍታት ይፈልጋል፣ ፒፒሲ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬው ቀስ ይላል። በኋላ ይጠጋጋል፣ ማን ይጠብቀው። መንገዱን፣ ኮንዶሚኒየሙን፣ ግድቡን የሚያሠራው መንግሥት ነው። እሱ «ለዚህኛው ሥራ ፒፒሲ ይበቃል» ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ቢጽፍ ከማንኛውም አዋጅ በላይ ጭስ ይቀንስ ነበር። ይህ የኔ ግኝት አይደለም፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በቡና ሰዓት የሚያወራው ነው።

ስለ ገለፈቱ ማታ እመለሳለሁ። ፖታሲየም የሚባል ጣጣ አለው።

አዋጅ አንባቢ፦

«ሕጉ አለ» ያለህ ሰው ልክ ነው፣ ግን ሕጉ የምትፈልገውን ነገር አይደለም የሚቆጣጠረው። ላስረዳህ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የብክለት ቁጥጥር ነው፣ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ በተለይ የኢንዱስትሪ ብክለትን ይመለከታል። ከተቀመጠው ደረጃ በላይ የለቀቀ ፋብሪካ ይቀጣል፣ ለሰው ጤና አደጋ ከሆነም እስከ መዘጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ መዛወር ድረስ ይሄዳል። ለሥራ አስኪያጅህ የመጀመሪያ ጥያቄ የወረቀቱ መልስ ይህ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የተጻፉት ለአቧራ፣ ለሰልፈር፣ ለፍሳሽ፣ ለኬሚካል ነው። ካርቦን ሌላ ቤት ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አለ። ያኔ የአገሪቱ አጠቃላይ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ዝም ከተባለ እ.ኤ.አ. በ2030 400 ሚሊዮን ይደርሳል፣ እኛ ግን 145 ላይ እንይዘዋለን ተባለ። የሚገርመው የኢንዱስትሪው ድርሻ ነው፣ በዚያው ሰነድ ከ4 ሚሊዮን ቶን ወደ 71 ሚሊዮን እንደሚዘል ተገምቷል፣ ትልቁን ቦታ የያዘውም የእናንተው ሲሚንቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው የተሻሻለ ዕቅድ ደግሞ በ2030 ዝም ቢባል ከሚደርስበት 68.8 በመቶ እንቀንሳለን ይላል። ከ68.8ቱ በራሳችን አቅም የምንሠራው 14ቱን ብቻ ነው፣ ቀሪው የውጭ ድጋፍ ከመጣ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ በአገር ደረጃ የተገባ ቃል ነው። ወርዶ ወርዶ «አንተ ፋብሪካ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ቶን ካርቦን» የሚል ቁጥር ሆኖ ማንም ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠም።

ተቆጣጣሪው ጋ ስትሄድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ነበር፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ማኅተም በተቀየረ ቁጥር ሰው ይቀየራል፣ ፋይል ይጠፋል። በዚያ ላይ የተጽዕኖ ግምገማውን የማጽደቅ ሥልጣን በአንድ ወቅት ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች ተሰጥቶ ነበር። ኢንቨስትመንት አምጣ የተባለው አካል ራሱ ኢንቨስትመንቱን «ይበክላል» ብሎ እንዲመልስ መጠበቅ ማለት ነው። ትርፉን ለናንተ ትቻለሁ።

የአውሮፓውን ቀረጥ በተመለከተ፣ ሲባም የሚሉትን፣ አለቃህን በከንቱ አታስፈራራው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ሪፖርት ብቻ ነበር፣ ከጥር 2026 ወዲህ ነው ክፍያ የሚያስከትለው ደረጃ የገባው። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክ ላይ ነው። እናንተ የምትሸጡት ለአገር ውስጥ ነው፣ አይነካችሁም። ቡናና አበባም ጨርቃ ጨርቅም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ክብደት ሚዛን፦

ሁላችሁም ስለ ሕግ ታወራላችሁ፣ ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ግን ዶላር ነው። በፊት ጥቁር ናፍጣ ነበር፣ ተወደደና ሁሉም ወደ ከሰል ዞረ። ከሰሉ በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ይመጣ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ሒሳቡ በአንድ ሌሊት ተገለበጠ። ገለፈት ትዝ ያላችሁ ለዚህ ነው፣ አለቃህ ስለ በረዶ ግግር መቅለጥ እንቅልፍ አጥቶ አይደለም። የመንግሥትም ግፊት «የአገር ውስጥ ከሰል ተጠቀሙ» የሚል ነው፣ እሱ ደግሞ ምንዛሪ ያድናል እንጂ ካርቦን አይቀንስም። እንዲያውም አመዱ ስለሚበዛ ለአንድ ዓይነት ሙቀት የበለጠ ታቃጥላለህ። ሁለቱ ፖሊሲዎች ፊትና ጀርባ ሆነው ነው የሚሄዱት።

አውሮራ፦

«እዚህ እኮ» አልልም፣ ቃሌ ነው።

ኮሎራዶ ነው የምኖረው፣ ለኮንስትራክሽን ዕቃ ግዢ ላይ እሠራለሁ። ክሊንከር ያለው ነገር እኛ ጋ ሕግ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የስቴቱ ገንዘብ ያለበት ትልቅ ሕንፃ ሲሠራ ሲሚንቶና ኮንክሪቱ፣ አስፋልቱ፣ ብረቱ፣ መስታወቱ፣ እንጨቱ ሁሉ ከተወሰነ የካርቦን ጣሪያ በታች መሆን አለበት። ካሊፎርኒያ በ2017 ቀድማለች፣ የነሱ ዝርዝር ግን ብረት፣ መስታወትና የሙቀት መከላከያ ሱፍ ነው፣ ሲሚንቶ አልገባም። ለሲሚንቶ በ2021 ለብቻው ሕግ አወጡ፣ በ2035 ከ2019ኙ 40 በመቶ ቀንሱ፣ በ2045 የተጣራ ልቀታችሁ ዜሮ ይሁን የሚል።

በተግባር ምን ይመስላል ካላችሁኝ አሰልቺ ነው። ኮንክሪት አቅራቢው ጥቂት ገጽ ሰነድ ይልክልኛል። አንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ለመሥራት ስንት ኪሎ ካርቦን እንደወጣ ተጽፏል፣ ገለልተኛ አካል አረጋግጦ ፈርሞበታል። ቁጥሩን ከጣሪያው ጋር አመሳክራለሁ። ካለፈ እመልሰዋለሁ። አቅራቢው አይከራከርም፣ ሲሚንቶውን ቀንሶ ሌላ ነገር የተካበትን ቅልቅል ይልካል፣ ብዙ ጊዜ ያ ቅልቅል ድሮም ነበረው፣ የሚጠይቀው ሰው ነው ያልነበረው። ፋብሪካ ደጃፍ የሄደ ተቆጣጣሪ የለም፣ ጭስ የለካ የለም። ወረቀቱ ነው ሥራውን የሠራው።

እኛ ጋ ኮሎራዶ ፋብሪካዎቹን በቀጥታ የሚይዝ ደንብም አለ። በ2023 የወጣው 18 ትልልቅ ፋብሪካዎችን ይመለከታል፣ በ2030 በአንድ ላይ ከ2015ቱ 20 በመቶ መቀነስ አለባቸው። ሲሚንቶና ብረት ፋብሪካዎቹ ላይ ትንሽ ለየት ያለ ነው፣ ከውጭ ጋር ስለሚወዳደሩ እየተመረመሩ ያለውን የተሻለ ቴክኖሎጂ እየተጠቀሙ መሆኑን ማሳየት አለባቸው። ፑብሎ የሚባል ከተማ ውስጥ ያለው የብረት ፋብሪካ ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ ነው፣ ከ2021 ጀምሮ አጠገቡ 300 ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫ ተሠራለት። ያ በትእዛዝ ብቻ አልመጣም፣ ለረጅም ዓመት የማይለወጥ የመብራት ዋጋ ስላገኘ ነው የቆየው።

ካሊፎርኒያ ደግሞ በገበያ ነው የምትሄደው። በ2006 ሕጉ ወጣ፣ በ2013 ሥራ ጀመረ። አጠቃላይ ጣሪያ ይቀመጣል፣ ፋብሪካው ለሚለቀው እያንዳንዱ ቶን ፈቃድ ይኖረዋል፣ የቀነሰ ይሸጣል፣ ያልቀነሰ ይገዛል። በ2025 ደግሞ እስከ 2045 ተራዝሟል። ለሲሚንቶና መሰሎቹ ግን ብዙውን ፈቃድ በነፃ ነው የሚሰጧቸው፣ ጥለው ወደ ጎረቤት ስቴት እንዳይሄዱ። ይሄን ስታዩ ሀብታሙም አገር ፋብሪካውን ይፈራል። አንድ ትልቅ ቅሬታም አለ፤ ፋብሪካ ፈቃድ ገዝቶ እዚያው ቦታ ማጨሱን ይቀጥላል፣ በአጠቃላይ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ አጠገቡ ለሚኖረው ሰው ግን ምንም አልተለወጠም። በ2017 ለዚህ ሲባል በየሰፈሩ አየር የሚለካ ሌላ ሕግ ጨመሩ።

ከፋብሪካው በታች፦

አውሮራ የመጨረሻዋን ነገር ስላነሳህ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ሲሚንቶ ፋብሪካ አጠገብ ነው ያደግሁት፣ እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ስሙን አልጠራም። እናንተ ስለ ካርቦን ስትጨነቁ እኛ ስለ አቧራው ነው። ጠዋት ቆርቆሮው ነጭ ሆኖ ያድራል። ጤዛ ወይም ካፊያ ሲነካው እዚያው ይጠነክራል፣ ምስማሩ ዙሪያ ድንጋይ ሆኖ ይያዛል፣ በመዶሻ ካልሆነ አይነሳም። በርበሬ ውጭ ማስጣት ካቆምን ቆየን። የጎመኑ ቅጠል ላይ ጣትህን ብታሳልፍ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

ሰው ሁሉ «ማታ ማታ ማጣሪያውን ያጠፉታል» ይላል። ፈረቃ ሦስት፣ አንተ ውስጥ ነህ፣ እውነት ነው? ገለፈት ስታቃጥሉስ አቧራው ይቀንሳል ወይስ እኛ ጋ ያው ነው?

ፈረቃ ሦስት፦

እህቴ፣ ገለፈቱ አቧራውን አይነካውም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ማታው፣ የናንተን ፋብሪካ አላውቅም። እኛ ጋ የሚሆነውን ልንገርሽ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአቧራ ማጣሪያ መብራት ሲወዛወዝ ይወድቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ካለም እንዳይፈነዳ ራሱን ያጠፋል። ያኔ ምድጃው በአንዴ አይቆምም፣ ለተወሰነ ደቂቃ ነጩ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የጨርቅ ከረጢት ያለው ማጣሪያ ይሻላል፣ ግን ከረጢቱ ሲቀደድ መለወጫው በዶላር ነው የሚገዛው፣ ዕቃ ግዢው እስኪፈቀድ የተቀደደው ክፍል ተዘግቶ ወይም እንዳለ ይሠራል። ሆን ብሎ የሚያጠፋ የለም ብዬ አልምልልሽም። ማጣሪያ ማሠራት መብራት ይበላል።

አዋጅ አንባቢ፦

እህቴ፣ ለአንቺ የሚሆን አንቀጽ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እሱን እንደነካው ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ ወይም በውሳኔው ካልተስማማሽ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ስለዚህ በቃል አትናገሪ፣ በጽሑፍ አስገቢ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዢ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ፎቶ ስታነሺ ቀኑ ይታይ። መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው እያልኩ አይደለም፣ በአቃቂ ወንዝ ብክለት ጉዳይ አንድ ማኅበር ተቆጣጣሪውን ራሱን ከሶ መዝገቡ ተዘግቷል። ያም ሆኖ የጽሑፍ አቤቱታ ያለበት ፋብሪካና የሌለበት ፋብሪካ እኩል አይታዩም፣ በተለይ ከአይኤፍሲ (ለግል ድርጅቶች ከሚያበድረው የዓለም ባንክ ክንፍ) ወይም ከልማት ባንኮች ብድር የሚፈልግ ከሆነ። አበዳሪዎቹ የራሳቸው የአካባቢና የማኅበረሰብ መስፈርት አላቸው፣ የአካባቢው ሰው ቅሬታ እንዴት እንደተፈታም ይጠይቃሉ።

ሐይቅ ዳር፦

ጨርቃ ጨርቅ ላይ የሠራ ሰው ስለሌለ ልግባ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሠርቻለሁ። «እኛ አገር ምንም አይገደድም» ለምትሉ መልስ አለኝ።

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ አንድ ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጭ አይወጣም ተብሎ ነው የተሠራው። ማጣሪያው በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር እንዲይዝ ነው የታሰበው። የማቅለሚያው ውኃ መጀመሪያ በባክቴሪያ ይጸዳል፣ ቀጥሎ በጣም ቀጭን ማጣሪያ ውስጥ በኃይል ይገፋል፣ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ፋብሪካዎቹ ይሄዳል። የቀረው ጨዋማ ውኃ እየተነነ ጨው ይሆናል። ጨው ስላችሁ የሽሮ አይደለም፣ ከማቅለሚያው የመጣ ነው፣ ማስቀመጫ ቦታ ይፈልጋል፣ ስለሱ ብዙ ሰው አያወራም።

እዚህ ላይ የገባኝ ነገር፣ ሥራው የተሳካው ተቆጣጣሪ እየመጣ ስለጮኸ አይደለም። መንግሥት አስቀድሞ ራሱ ስለሠራው ነው። ባለሀብቱ ሼድ ሲከራይ ማጣሪያው ተሠርቶ ነበር፣ ምርጫ አልነበረውም። ትልልቆቹ የውጭ ብራንዶችም ደንበኞቻቸውን ስለሚፈሩ ይህን ይፈልጉ ነበር። ሞጆ አካባቢ ግን ተቃራኒው ነው የሆነው፣ የቆዳ ፋብሪካዎቹ በየግላቸው ወንዙ ዳር ተተክለው ካለቁ በኋላ ነው «ማጣሪያ ሥሩ» የተባለው። ክሮም ያለበት ውኃ ለማጽዳት እያንዳንዱ ለብቻው አቅም ከየት ያምጣ?

ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ትነቱ መብራት ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አጎዋ፣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሉ፣ ሲቋረጥና ትልልቅ ገዢዎች ሲወጡ ሥራው ቀነሰ፣ ማጣሪያው ግን ለግማሽ ውኃም ለሙሉ ውኃም መሥራት አለበት።

ክብደት ሚዛን፦

አውሮራ፣ ወረቀቱ ያምራል። እዚህ ግን ገለልተኛ ሆኖ የሚፈርመው ማን ነው? ሦስት ሺህ ብር ከፍለህ ሰርተፍኬት የምታመጣበት አገር ነው። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ጠፍቶ ሰው በደላላ ሲገዛ ከርሞ ማን ነው ካርቦኑን አይቶ የሚመልሰው?

አውሮራ፦

ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜማ ፒፒሲ ይበልጥ ነበር የሚያዋጣችሁ፣ ከዚያው ክሊንከር ብዙ ኩንታል ይወጣል። የሰርተፍኬቱን ነገር ግን ልከራከርህ አልችልም። በካርቦን ቁጥር አትጀምሩ እንግዲህ። ክሊንከር እንዳለው በጨረታው ላይ ለልስንና ለብሎኬት ፒፒሲ ብሎ መጻፍ ምንም ሰርተፍኬት አይፈልግም፣ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል።

ክሊንከር፦

አውሮራ ልክ ነህ፣ ይህን ሰነድ አዘጋጅ ሁሉ ቢያነበው።

ክብደት ሚዛን ላነሳው፣ ሕንዶች እምነት በሌለበት እንዴት እንደሄዱበት ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ካርቦን አልለኩም፣ ለአንድ ቶን ምርት ስንት ኃይል ፈጀህ ብለው ነው የጀመሩት። የመብራት ቢልና የከሰል ደረሰኝ ለማጭበርበር ይከብዳል፣ ግብር የሚሰላውም በእሱ ነው። ከተሰጠው ግብ በላይ የቆጠበ ሰርተፍኬት ያገኝ ነበር፣ ላልቆጠበው ይሸጥ ነበር። እኛም ጋ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ቁጠባን ያነሳል፣ መነሻ መሬት አለ።

አሁን ፈረቃ ሦስት፣ ወደ ገለፈትህ። አንድ ኪሎ የደቡብ አፍሪካ ከሰል የሚሰጥህን ሙቀት ለማግኘት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ደረቅ ገለፈት ያስፈልግሃል። ደረቅ ነው ያልኩህ፣ ዝናብ የነካው ከሆነ ውኃ ነው የምታቃጥለው። ሲኖትራኩ አፉ ድረስ ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ታፍራለህ፣ ብን ብሎ የሚሄድ ነገር ነው። ስለዚህ ከሩቅ ቡና አገር የሚመጣ ከሆነ ትርፍህን ናፍጣው ይበላዋል፣ እዚያው ቡና ማበጠሪያው ጋ ተጨምቆ ካልመጣ በቀር። የሚገኘውም በመኸር ወራት ነው፣ ክረምት ላይ ከየት ታመጣለህ? ከሰሊጥና ከሩዝ ገለፈት ጋር ማፈራረቅ የሞከሩ አሉ። አፋር ላይ መሬቱን የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ለሲሚንቶ ምድጃ የማዋል ሐሳብም አለ፣ ያ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፣ አርብቶ አደሩም ይገላገለዋል።

ፖታሲየሙ እንግዲህ ይኸው ነው። የቡና ገለፈት በፖታሲየም ሀብታም ነው። ምድጃው ውስጥ ይተናል፣ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲያገኝ ሳይክሎኑ (ጥሬ ዕቃው ቀድሞ የሚሞቅበት ክፍል) ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ የምታውቀው ነው፣ ሳይክሎኑ ይታፈናል፣ ልጆቹ በዚያ ሙቀት ረጅም ብረት ይዘው ሲወጉ ይውላሉ፣ ምርት ይቆማል። በዋናው ማቃጠያ አትጀምር፣ ካልሳይነሩ (ድንጋዩ ዋናው ምድጃ ከመግባቱ በፊት ኖራ የሚሆንበት ክፍል) ላይ ጀምር፣ ከሙቀቱ 5 በመቶውን ብቻ ተካ፣ በየፈረቃው ከታችኛው ሳይክሎን ናሙና እየወሰድክ ፖታሲየምና ክሎሪኑን ተከታተል። ከፍ ማለት ሲጀምር አቁም። 5 በመቶ በዓመት ስንት ቶን ከሰል እንደሆነ አስላና በዶላር ጻፈው፣ አለቃህ የሚያነበው ያንን መስመር ነው።

ፈረቃ ሦስት፦

ሁላችሁንም ይባርካችሁ። ፕሮፖዛሉን ሁለት አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ የፒፒሲው ድርሻ ይደግ የሚለው፣ ቀጥሎ ገለፈቱ በ5 በመቶ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ለገለፈቱ መመገቢያ ማሽንና ለከረጢት ማጣሪያው ከውጭ የሚገባ ዕቃ አለ። አዋጅ አንባቢ፣ የቀረጥ ነፃ ነገር አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

አዋጅ አንባቢ፦

አለ፣ የዚያው አዋጅ አንቀጽ 10። ብክለትን ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ ባለሥልጣኑ ሲያረጋግጥለት ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ይሆናል። አዲስ መሆን አለበት፣ ያገለገለ አይሆንም። የከረጢት ማጣሪያው ያለ ጥርጥር ብክለት መቆጣጠሪያ ነው። የገለፈት መመገቢያውን ግን «የነዳጅ ዕቃ ነው» ብለው ሊመልሱባችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ አትጻፉ። ማጣሪያውን ለብቻው አስገቡ፣ አሁን የሚወጣውን አቧራና ከተተከለ በኋላ የሚወጣውን ልኬት አያይዙ። ለመመገቢያው ደግሞ በኢንቨስትመንት ማበረታቻ በኩል ሞክሩ። ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ አይጀመርም፣ ግዢው ሲታዘዝ የማረጋገጫው ወረቀት በእጃችሁ ይሁን።